ወላጅ ያለ ጥፋት የጠራሁበት ቅዳሜ

ከደሴ መጥቼ አሰላ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ሦስት ነገር አስረከቡኝ፤ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ የ7ኛ ለ ስም መጥሪያ፣ ወላጅ የሚፈርምባቸው የመገናኛ ደብተሮች። «ስም ጠሪያቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ወላጅ የምትጠሪው ተማሪ ሲያጠፋ ብቻ ነው። አለበለዚያ ግቢው ገበያ ይሆናል።» እሺ ብዬ ወጣሁ። አገሩም ብርዱም አዲስ ሆኖብኝ ነበር።

የማስተምረው ሒሳብ ነው። የክፍል ሥራ በአንድ ደብተር፣ የቤት ሥራ በሌላ ደብተር አሠራለሁ። ሁለቱንም ራሴ አርማለሁ። ሳላይ ራይት አድርጌ አላውቅም።

ፎዚያ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። የክፍል ሥራዋን ከሁሉም ቀድማ ትጨርሳለች፤ የቤት ሥራ ደብተሯ ግን ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ መከርኳት። በአራተኛው «ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት።

በማግስቱ ጋቢ የለበሱ፣ አለንጋ የያዙ ሰው መጡ። «አባቷ መንገድ ሄዷል፤ አጎቷ ነኝ» አሉ። በደንብ አዳመጡኝ፣ ፎዚያንም ተቆጡልኝ፣ መገናኛ ደብተሯ ላይ ፈረሙ። እንዲህ ያለ ወላጅ አይቼ አላውቅም ብዬ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ከድር የሚባለውን ተማሪ ወላጅ አምጣ አልኩት። ያው ጋቢ፣ ያው አለንጋ መጣ።

«እርስዎ የፎዚያ አጎት አይደሉም እንዴ?»

«የከድርም ነኝ» አሉ ሳይደነግጡ። «ዘመዳችን ብዙ ነው።»

«7ኛ ለ ውስጥ ብቻ ስንት ዘመድ አለዎት?»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰውየው ጋሽ አማን ይባላሉ፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ተሳፋሪ የሚጠብቁ ባለጋሪ ነበሩ። መቆጣቴን ሲያዩ ሳቁን ተዉት። «መምህርት፣ እናንተ አባት የምትጠሩት ለስድብ ነው። የፎዚያ አባት ‹ከትምህርት ቤት የተጠራሁ ቀን ትምህርቷ ያበቃል› ብሏል። እኔ ባልመጣ ዛሬ የአባቷ ወፍጮ ቤት ቀርታ ነበር።»

ያን ቀን ዙህር ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ቆየሁ። ልጅ አማና፣ የአላህ አደራ ናት። የቤት ሥራ ብዬ ከትምህርት ላስወጣት ነበር። ባዶውን ደብተር ከአባቷ መደበቅም ደግሞ ውሸት ነው። ስለዚህ የሁሉንም ወላጅ ልጠራ ወሰንኩ፤ ያጠፋም ያላጠፋም፣ ቅዳሜ፣ ለገበያ ሲወጡ።

ርዕሰ መምህሩ አይሆንም አሉ። «ቅዳሜ ግቢ አይከፈትም። ለወረዳስ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

«ደብተር አሳየች ይበሉ።»

«እዚህ አገር ዘመድ የለሽም። ነገ ችግር ቢመጣ ማን ይደርስልሻል?»

«አጎት አለኝ» አልኳቸው። አልገባቸውም።

ዓርብ ደብተሮቹን ሰበሰብኩ። ቅዳሜ ከተዘጋው በር ውጭ፣ የጋሽ አማን ጋሪ ላይ ደረደርኳቸው። ጥሪውን ቤት ለቤት ያደረሱትም እሳቸው ናቸው፤ ለውሸቱ አጎትነት መካሻ እንዲሆን ብዬ ያዘዝኳቸው ነው።

የፎዚያ አባት ኦቦ ጀማል ከሁሉም በኋላ መጡ። ሰላምታ ሳያስቀድሙ «ማል ጎቴ? ምን አጠፋች?» አሉ። ፎዚያ ከፈረሱ ጀርባ ተደብቃለች።

«ምንም። ዛሬ ለጥፋት የተጠራ የለም።» የክፍል ሥራ ደብተሯን ገለጥኩላቸው። ማንበብ ባይችሉም ቀዩን ራይት ያውቁታል። ገጽ በገጽ በጣታቸው ተከተሉት። ቀጥዬ የቤት ሥራውን ገለጥኩ።

«ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ያኛውን የሠራችው እኔ ዘንድ ነው። ይሄ እርስዎ ቤት የሚሠራው ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ጋሽ አማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኦቦ ጀማል ባዶውን ደብተር ዘጉና «ከትምህርት መልስ የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ ናት» አሉ። «ሒሳብ እንዲህ ከቻለች ደግሞ ለሚዛኑ በቅታለች። ሌላ ምን ይቀራታል?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የራሴ ራይት ሊያስወጣት ነው።

«ስምንተኛ ይቀራታል» አልኩ። «እዚህ የደረሰችው ቤት አንድ መስመር ሳትጽፍ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ይስጧት፤ የት እንደምትደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ይዩ። ካልመጡ ደብተሩን ይዤ ወፍጮ ቤት ድረስ እመጣለሁ።»

«ወፍጮ ቤት ድረስ?»

«ተራ ይዤ።»

«አንቺስ ደፋር ነሽ» ብለው ሄዱ። እሺም እምቢም አላሉም።

ሰኞ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። መቀበሌን ፈረምኩ፤ ማጥፋቴን አልፈረምኩም።

በዚያው ዕለት የፎዚያ የቤት ሥራ ተሠርቶ መጣ። ከአምስት ጥያቄ ሁለቱን ስታለች፤ ኤክስ አደረግሁባቸው። መገናኛ ደብተሯን ስከፍት፣ ከጋሽ አማን የውሸት ፊርማ ሥር የአባቷ የአውራ ጣት አሻራ አርፏል፤ ዙሪያው ዱቄት ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜም ጋሪው ቆመ። ኦቦ ጀማል ከሁሉም ቀድመው መጡ። በዓመቱ ፎዚያ ስምንተኛ ገባች።

ለአዲስ ስም ጠሪዎች የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ወላጅ ደብተር ለማየት ልጁ እስኪያጠፋ መጠበቅ የለበትም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ተጨምሮ ማኅደሬ ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ አለ። ይቀመጥ።