አባዬ እንዲሰማው የተገዛ ጊታር

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን የሚነቃው በአባቴ መዶሻ ነበር። አባዬ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ላሊበላ ላይ ለቤት መሠረት፣ ለአጥር፣ ለሆቴል መግቢያ ጥርብ ድንጋይ የፈለገ ሁሉ እሱን ፈልጎ ይመጣል። ድንጋይ ሲመርጥ ማየት እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! መጀመሪያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን ያያል። ከዚያ በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳምጣል። ውስጡ ደህና የሆነ ድንጋይ እንደ ብረት ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። "ይሄ ታሟል" ይልና አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ከላይ ሲያዩት እኮ ምንም አይልም። ለእኔ ያኔ አባቴ በድንጋይ ውስጥ የሚያይ ሰው ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ክራር ጀመርኩ። ያስተማረኝ የለም፤ ከሬዲዮ እየሰማሁ በጣቴ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ምሳውን በልቶ ግቢያችን ያለችው ወይራ ሥር አረፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ልብሱ ሁሉ የድንጋይ ብናኝ ይሸታል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ለእኔ የቤት ሽታ ነው። ፊቱ ቁጭ ብዬ እጫወትለታለሁ፣ እሱም ዓይኑን ከደን አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ስጨርስ "ጎበዝ፣ የኔ ልጅ" ይለኛል። ከዚያ በላይ ሽልማት አያምረኝም ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ከጀርባው ቆማ ጠራችው። አልሰማም። ደግማ ጠራችው፣ አሁንም ዞር አላለም። እሷ ሐሳቡ ሥራው ላይ ሄዶ ነው ብላ ተወችው፤ እኔ ግን አልተውኩትም። በማግስቱ ክራሬን ይዤ እንደ ወትሮው ፊቱ ተቀመጥኩ። ጥቂት ከተጫወትኩ በኋላ ክሩን ሳልነካ ጣቶቼን ብቻ ከላይ ከላይ አመላለስኳቸው። አባዬ ራሱን መነቅነቁን አላቆመም። ጣቶቼ ሲቆሙ "ጎበዝ" አለኝ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የስንት ዓመት መዶሻ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ከጆሮው ወስዶበት ኖሯል፣ እሱ ደግሞ እኔ እንዳይከፋኝ ስንት ወር ሙሉ ሲነቀንቅልኝ ከርሟል። ለማንም አልተናገርኩም። ክራሩን ግን ሰቀልኩት። እናቴ ምን ነካሽ ብላ ብትጠይቀኝ ሰለቸኝ አልኳት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። የአንድ ሆቴል ደረጃ እየሠራ ነበር። ውስጥ አዳራሹ ላይ ለእንግዶች የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ይለማመዳሉ። አባዬ ድንገት መዶሻውን አስቀመጠና ወደ አዳራሹ ዞረ። ይሄ ከሥር ከሥር የሚያጉረመርመው ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ዘፋኟን ነበር የምሰማው፤ ኪቦርዱንም እሰማለሁ። እሱ ያለውን ለመስማት ጆሮዬን ማቆም ነበረብኝ። በበሩ ብቅ ብዬ ሳይ፣ ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ አራት ወፋፍራም ክር ያለው ረጅም ጊታር ይዞ ቆሟል። የሚመታ አይመስልም፣ ክሩን ዝም ብሎ የሚያባብል ነው የሚመስለው። የመሣሪያውን ስም ጠየቅኩት፤ ቤዝ ነው አለኝ።

አባዬ የሚሰማውን ያንን ጊታር ልገዛ የዚያን ቀን ወሰንኩ። በዓመቱ ውስጥ ከአባዬ ፍርፋሪ ድንጋይ ትንንሽ መስቀል እየቀረጽኩ ለቱሪስት ሸጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ የሰውዬውን ጣት ሳይ አመሻለሁ። አንዲት አጭር ዜማ በዓይኔ ብቻ ተማርኩ። ቤት ውስጥ ስናገር እናቴ ክራሩን ግድግዳው ላይ አሳየችኝ። እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አለች፤ ይሄንንም እንደዚያ ከሰቀልሽው የሙዚቃን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። አባዬ ምክንያቴን አያውቅም። ግን ዕቃ ሲመረጥማ እኔ አለሁ ብሎ ጋቢውን አነሳ።

በማለዳ ሚኒባስ ለወልዲያ ተነሣን። ጋሸና ስንደርስ ጉሙ ሜዳውን ውጦት፣ የጭነት መኪኖቹ መብራት ብቻ ይታይ ነበር። ትኩስ ሻይ ጠጥተን ወደ ወልዲያ ስንወርድ አየሩ እየሞቀ፣ እኔም እየፈራሁ ሄድኩ። የሆቴሉ ሙዚቀኛ የጠቆመኝ የጋሽ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ያለው ራዲዮ፣ ሞንታርቦ፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ሠርግ ላይ ቤዝ የተጫወቱ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ሦስት ቤዝ አወጡልን። አንዱ ቀይ ነው፣ ፊት የሚያሳይ መስታወት በሉት። ልቤ እዚያው ቀረ።

ጋሽ ሰይድ "ወላሂ፣ ከካርቶኑ የወጣው ትናንት ነው" አሉ። አባዬ አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንገቱን አየው። ከዚያ መልሶ ሰጣቸው፤ ተጣሟል፣ አለ። ጋሽ ሰይድ እንደ እሱ ጨፍነው አዩና ሳቃቸው መጣ። መንገድ ላይ ፀሐይ መትቶት ይሆናል፣ ማስተካከያ ብሎን አለው፣ የሱን መፍቻ ግን እኔም የለኝም ብለው ራሳቸው አመኑ። ሁለተኛው ጥቁር ነው። አባዬ ገልብጦ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው፤ ድምፁ የታፈነበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ሲጫን አንገቱ ከገላው የተጋጠመበት ላይ ነቅነቅ አለ። "ይሄ ታሟል" አለ። ጋሽ ሰይድ ነገሩ ጣማቸውና ወንበር አመጡለት።

ሦስተኛው ቡናማ ነው፣ አጠር ያለ፣ የሌላ ሰው ክንድ ቀለሙን የፋቀው አሮጌ። እኔ አላየሁትም ነበር ማለት ይቻላል። አባዬ አየው፣ ቀጥ ያለ ነው። መታው፣ ጮኸ። ቀጥሎ ግራ እጄን ያዘና ጣቶቼን አንገቱ ጫፍ ላይ ዘረጋቸው። ደረሱ። የመዶሻ እጀታ እንኳ በባለቤቱ ክንድ ልክ ነው የሚቆረጠው ብሎ ለጋሽ ሰይድ አስረዳቸው። ቀዩን አንዴ ዞር ብዬ አየሁትና ቡናማውን አቀፍኩ።

የቀረው ማጉያው ነው። ጋሽ ሰይድ አጥብቀው ነገሩኝ፤ ቤዝ ያገኙት ሳጥን ላይ ሁሉ አይሰካም፣ ወፍራሙ ድምፅ ለቀጭኑ ጊታር የተሠራውን ስፒከር ይቀደዋል። ለቤዝ የተሠራ ሁለት አላቸው። አንዱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ስንሰካው መደርደሪያው ላይ ያለው አምፖል ሁሉ ተንጫጫ፣ መንገደኛው ዞረ። አባዬ ፊቱን አጨማደደ፤ ይጮኻል፣ ምን እንደሚል ግን አይታወቅም፣ አለ። ሚኒባስ ላይም አይጫንም። ሁለተኛው የሃያ ሊትር ጀሪካን ያህላል። ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝና ያችን አንዲት ዜማዬን ጀመርኩ።

አባዬን አየሁት። ዓይኑን ከደን አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል።

ያንን አነቀናነቅ አውቀዋለሁ። ጣቶቼን ከክሩ ላይ አነሳሁና በአየር ላይ አመላለስኳቸው። አላቆመም። ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነገር እጄ ላይ ሲፈርስ ተሰማኝ። እናቴ ግድግዳው ላይ ሁለተኛ ምስማር ስትመታ ታየኝ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ ያን ሁሉ ጊዜ የዋጥኩትን ተናገርኩ።

"አባዬ፣ እየተጫወትኩ አይደለም እኮ።"

ራሱን መነቅነቁን ተወ። ዓይኑን ገልጦ ጣቶቼን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ከክራሩ።"

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ያፍራል ብዬም ፈርቼ ነበር። ባንኮኒው ላይ ያለችውን ሳጥን ድንጋይ በሚያይበት ዓይን ያያት ጀመር። ተነሥቶ አወረዳት። ሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀመጣትና ሁለቱ ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ድረስ ገፋት። እሱም አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሜዳ ላይ የመታሁት መዶሻ በኖ ይቀራል፣ ጉድጓድ ውስጥ ጥግ ይዤ ስመታ ግን ደረቴ ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ድምፅ ጥግ ይወዳል፣ ብሎ ለጋሽ ሰይድ ነገራቸው። ወደ እኔ ዞረና ድገሚው አለኝ።

ደገምኩት። ያች ትንሽ ሳጥን ሌላ ሆነች። ወለሉ በጫማዬ ውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። አባዬ አሁን ራሱን አይነቀንቅም። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ዜማው መሐል ላይ ሳልነግረው ቀጥ አልኩ።

"ለምን አቆምሽ?" አለኝ።

ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን አዙረው ንጹሕ መደርደሪያ ሲወለውሉ ቆዩ። ኋላ ላይ ይሄን ሁሉ ዓመት ስሸጥ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አላየሁም ብለው ገመዱን መረቁልን። ስንመለስ ከጋሸና የተሳፈረች አንዲት ሴትዮ ጭኔ ላይ ያለውን ጊታር ክር ቆጠረች፤ አራት ብቻ መሆኑን ስታውቅ ሁለቱን እንደበሉብን፣ ክራር እንኳ ስድስት እንዳለው ለአባዬ ረጅም ምክር ሰጠችው። አልሰማትም። ራሱን በአክብሮት ነቀነቀላት። እኔና እሱ ስንተያይ እስከ ላሊበላ ሳቃችን አላባራም።

አባዬ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆነው። በዚያ ቤዝ ሆቴል ተጫውቻለሁ፣ ሠርግ አድምቄአለሁ፣ ቱሪስቱ በጠፋባቸው ዓመታትም አብልቶኛል። ዛሬ ሰፈር ያሉ ልጆች መጥተው ምክር ይጠይቁኛል። እኔ ዕድሜ ልኬን የሞከርኩትን እነሱ ስልካቸው ላይ በአንድ ከሰዓት ያዩታል፤ የቱ አንገት ቀጥ እንደሚል፣ የቱ ሳጥን እንደሚሻል ያውቃሉ። አደንቃቸዋለሁ፣ እውነቴን ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሃና ለምሳሌ፣ ቤዝ ከአዲስ አበባ አስመጥታ በሦስት ወር ውስጥ እኔ በሦስት ዓመት ያልቻልኩትን ትጫወታለች። ግን የምትጫወተው በጆሮ ማዳመጫ ነው። እናቷ ልጇ አልጋ ላይ ተቀምጣ ስልክ ስትነካካ የምትውል ነው የሚመስላት።

ባለፈው እሑድ ማጉያዬን ይዤ ቤታቸው ሄጄ ቤዟን ሰካሁላት። ሃና አፈረች፣ ሰው ይሰማል እኮ አለችኝ። ይስማ አልኳት። ስትጀምር እናቷ ግቢ ውስጥ ሽምብራ ትለቅም ነበር። ሰፌዱን እንደያዘች በሩ ላይ መጥታ ቆመች፤ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ የልጇን እጅ።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አለቻት።

ሃና ደንግጣ ልታቆም ስትል እናቷ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ደፉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ጫማዬን ፈልጌ ወጣሁ። ሁለቱ ቢቀሩ ይሻላል ብዬ ነው።