የሳጉሬው መጋዘን እምቢ ያለ ዕለት

ከአዳማ መነሳት

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ሚኒባስ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጠራ እፈራለሁ። ባለቤቴ ሰላማዊት «ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል የተባለው ላንተ ነው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። እንጀራዬ ደግሞ የስልክ ጥሪ ነው። የሰው ኮምፒውተርና ሰርቨር ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ነኝ።

ያን ቀን ማለዳ የተጠራሁት ከሳጉሬ ነው። እዚያ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የቢራ ገብስ ይሰበስባል። ገብሱ ይመዘናል፣ እርጥበቱ ይለካል፤ ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰርቨር መረጃውን አዲስ አበባ በኪራይ ወደተቀመጠው ዋናው ሲስተም ትልካለች። ከዚያ ቁጥር ይመጣል፣ ቁጥሩ ታትሞ ጆንያው ላይ ይለጠፋል። ቁጥር የሌለው ጆንያ መጋዘን አይገባም። ደንቡን ያወጡት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንድ ዓመት የአንዱ እርጥብ ገብስ ከሌላው ደረቅ ጋር ተደባልቆ የቢራ ፋብሪካው ሁሉንም መልሶባቸው ነበር።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ታደለ በስልክ የነገሩኝ አጭር ነበር። ሲስተሙ ከትናንት ጀምሮ እምቢ ብሏል፣ ጆንያው ሁሉ ደጅ ነው። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ግን ጨመሩልኝ፦ «ሰማዩም አላማረኝም።»

ወሩ የአጨዳ ወር ነው፤ ዝናብ የሚጠበቅበት አይደለም። ቢሆንም ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ለቢራ የተዘራ ገብስ ውኃ ከነካው ይበቅላል፣ ከበቀለ ደግሞ ፋብሪካ አይቀበለውም። የዓመት ልፋት የከብት መኖ ሆኖ ይቀራል።

በዴራ በኩል

ሾፌሩ ከኋላ የሚከተለው ሰው ያለ ይመስል ነበር የሚነዳው። ዴራ ስንደርስ አገሩ ገና ቆላ ነው፤ ግራር፣ አቧራ፣ መንገድ ዳር የተደረደረ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ አስፋልቱን የራሳቸው ያደረጉ ፍየሎች። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ የወንበሩን ብረት ጨምድጄ ይዣለሁ። ሽቅብ ላይ ከባድ መኪና ሊቀድም በወጣ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ የእህል ነጋዴ አይቶኝ ሳቀና፣ «አንተ ብትጨፍን እሱ አይጨፍንም፣ አይዞህ» አለኝ። ሾፌሩን ባየው እሱም እንቅልፍ አልጠገበም። አላጽናናኝም።

ኢተያን ስናልፍ አየሩ ተለወጠ። የታጨደ የስንዴ ማሳ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፣ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ ይጎተታል። ነጋዴው በመስኮቱ ወደ ጭላሎ ጠቆመኝ። ተራራው ራሱ ላይ ጠቆር ያለ ደመና ጭኗል። ጧት እንዲህ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መዝነቡ አይቀርም አለኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ። እኔ ግን የሳጉሬዎቹ ጆንያዎች ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

አሰላ

አሰላ መናኸሪያ ወርጄ ትኩስ ጨጨብሳ አዘዝኩ፤ ቅቤው እየሸተተኝ ሁለት ጉርሻ ብቻ ወረደልኝ። ብርዱ እጄን አደነዘዘው። የሳጉሬ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ የእጅ ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ እኔም አላውቅ። ሞልቶ ተነሳ ስል ደግሞ ጎማው ተነፈሰ፤ ከከተማው መውጫ ጎሚስታ ቤት ቆምን። ሌላው ተሳፋሪ ወርዶ ወሬውን ይዟል። እኔ አንዴ ሰማዩን አንዴ ሰዓቴን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ደመናው ከጭላሎ ወርዶ ወደ እኛ ነው።

ሳጉሬ ግቢው ውስጥ

ግቢው በጆንያ ተሞልቷል። ገበሬዎቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ስገባ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያለችው አንዲት ሸራ የመጀመሪያዎቹን ተራ ብቻ ሸፍናለች። ኧረ በስመ አብ፣ ይኼ ሁሉ ሰው እኔን ነው የሚጠብቀው?

በአጥሩ ጥግ፣ ከሁሉም ኋላ፣ አንዲት ትልቅ ሴት አንዲት ላስቲክ ለጆንያዎቻቸው ሁሉ ሊያዳርሱ ይታገላሉ። ላስቲኩ አልበቃ ሲላቸው የራሳቸውን ጋቢ ደርበውበታል። አዴ ሸምሲያ ይባላሉ፤ አዴ በአርሲ ለእናት የሚሰጥ ክብር ነው። ከሩቅ ቀበሌ ስለመጡ የመጨረሻዋ ተራ የእሳቸው ሆናለች። የአምናውን አዝመራ በረዶ እንደወሰደባቸው፣ ለልጆችም ለራሳቸውም ያለው ይኸው ገብስ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ የጎረቤት በረንዳ አሳይተው ጠየቁኝ፦

«እዚያ ላስጠጋው ወይስ አሁን ይሠራል? ከወጣሁ ከኋላዬ የሚመጣው ተራዬን ይወስዳል።»

ሰው ሁሉ ጆሮውን ጣለ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ዓይን ፈርቼ «አሁን ይሠራል፣ አዴ፣ ባሉበት ይቆዩ» አልኳቸው።

ጋሽ ታደለ ወደ ቢሯቸው አስገቡኝ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጠረጴዛቸው የተወለወለ፣ ግድግዳው ላይ ካላንደር፣ መስኮቱ ላይ ሬድዮ ያላቸው ሥርዓት ወዳድ ሰው ናቸው። ሰርቨሯ ጥግ ላይ ትጮኻለች። ሞከርኳት። «ግንኙነቱ ተቀባይነት አላገኘም» ብላ መለሰችልኝ።

በእኛ ሥራ ዝምታና እምቢታ ይለያያሉ። የሰው ቤት አንኳኩተህ ማንም ካልመለሰ፣ ወይ ሰው የለም ወይ መንገድ ስተሃል። ከውስጥ «አይቻልም» የሚል ካለ ግን ቤቱን አግኝተኸዋል ማለት ነው። እምቢ ከተባልን መስመሩ ደህና ነው፣ የከለከለን አንድ አካል አለ። እኔ ያን አካል አዲስ አበባ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አድራሻውን አየሁ፣ ልክ ነው። የይለፍ ቃሉን አየሁ፣ አልተለወጠም። የማይፈለግ ግንኙነት የሚያግደውን የመከላከያ ፕሮግራም ሕግ አንድ በአንድ አየሁ፤ ለዚህ ግንኙነት የተከፈተው በር እንደተከፈተ ነው። ሰርቨሯን አጥፍቼ አበራኋት። እምቢ። አዲስ አበባ ሲስተሙን የሚያስተናግደው ድርጅት ውስጥ ለሚሠራው ናትናኤል ደወልኩ። ከዚሁ ሲስተም ጋር የሚገናኘው የኦጎልቾው መጋዘን በዚያችው ሰዓት ያለ ችግር እየሠራ እንደሆነ፣ የእኛም ጥያቄ እንደሚደርሰው፣ ግን ወዲያው እንደሚቋረጥበት ነገረኝ። እናንተ ናችሁ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁበት። እሱም ታግሶኝ እንደገና ላጣራ አለኝ።

በመሐሉ የማየው ሰዓት ብቻ ነው። የሰርቨሯ ስክሪን ጥግ ላይ አምስት ሰዓት ይላል፣ የእጅ ሰዓቴን አያለሁ፣ አምስት ሰዓት። ስድስት ይላል፣ አያለሁ፣ ስድስት። ቀኑን አያለሁ፣ ከካላንደሩ ጋር አንድ ነው። ከዚያ በመስኮቱ ደመናውን አያለሁ፤ ከመጋዘኑ ቆርቆሮ በላይ ደርሷል። ደጅ ድምፅ በረታ። አንዱ በሩን ከፍቶ በትህትና «ሲስተም የለም ለማለት ከሆነ ያንን እኛም እናውቀዋለን» ብሎኝ ዘጋው። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ከዚህ ግቢ እንዴት እንደምወጣ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ የኋላ በር ይኖር ይሆን እያልኩ።

ናትናኤል መልሶ ደወለ። ሰርቨሯ እምቢ ስትል የምትጽፈውን መስመር እንዳለ እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን።

«ዓመቱን ድገምልኝ» አለ።

ደገምኩለት።

«ወንድሜ፣ እሱ እኮ በእኛ አቆጣጠር ነው።»

ጋሽ ታደለን ቀና ብዬ አየኋቸው። የሰርቨሯን ሰዓት ነክተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልደበቁኝም፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ነበረባቸው። ውስጧ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ኖሮ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ይበላሻል። ትናንት ጧት ካላንደሩን አይተው ቀኑን፣ ሬድዮ ሰምተው ሰዓቱን በእጃቸው አስተካከሉላት። ሰዓቷን ራሷ እየለወጠች ስታስቸግራቸውም ከኔትወርክ ሰዓት እንዳትወስድ ዘጉባት።

«ልክ ነው እኮ፣ እየው» አሉኝ ወደ ካላንደሩ እየጠቆሙ። «ምን አጠፋሁ?»

እውነትም ልክ ነው። ለእሳቸው ልክ ነው፣ ለእኔም ልክ ነበር። ማሽኖቹ ግን የሚነጋገሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የአዲስ አበባው ሲስተም ሲገናኙት የቅርብ ጊዜ መታወቂያ ያሳያል። የእኛዋ ሰርቨር ሰባት ዓመት ወደኋላ ሆና መታወቂያውን አይታ፣ ይኼ ገና አልወጣም፣ አጭበርባሪ ነው ብላ ትዘጋለች። አዲስ አበባ እምቢ ብሎን አያውቅም። እምቢ የምትለው አጠገቤ ያለችው ነበረች።

ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ፈረንጆቹ መለስኩ። ማተሚያው አንዴ ተንቋቋና የመጀመሪያውን ቁጥር ተፋው። ከደጅ ደግሞ የአዴ ሸምሲያ ድምፅ መጣ፦

«ሮብኒ ዱፌ!»

ዝናቡ መጣ ማለታቸው ነው።

ሩጫ

ጋሽ ታደለ ቁጥር ያትማሉ፣ እኔ እለጥፋለሁ፣ ገበሬው ይሸከማል። የማን ነው የማን ነው የለም፤ ሁሉም የሁሉንም ጆንያ ይዞ ይሮጣል። ጠብታው ወፍራም ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አቃተን። የአጥሩ ጥግ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ውኃው ሁሉ ወደዚያ ወረደ። አዴ ሸምሲያ ጋር ስንደርስ የላይኞቹ ጆንያዎች ደረቅ ነበሩ። የታችኞቹን ሳነሳ እጄ ውስጥ ከበዱኝ።

ጋሽ ታደለ እርጥበት መለኪያውን በታችኞቹ ሦስት ጆንያዎች ውስጥ አስገቡ። ቀና አላሉም። «እርጥበቱ ከልኩ አልፏል» አሉ ቀስ ብለው። መለኪያው ለማንም አያደላም፣ ደንቡም የራሳቸው የገበሬዎቹ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ሦስቱን ጆንያ በረንዳው ላይ ዘረገፍናቸው፤ ያው መጀመሪያ ያሳዩኝ በረንዳ። አዴ ቁጭ ብለው ገብሱን በመዳፋቸው ይበትናሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባሉበት ይቆዩ ያልኳቸው እኔ መሆኔን፣ ሳላውቅ እንዳልኩ፣ ሰው ፈርቼ እንዳልኩ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ቆዩና ከላስቲክ ውስጥ ጭኮ አውጥተው ሰጡኝ፤ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተለወሰ የአርሲ ስንቅ ነው።

«ሂን ሶዳቲን» አሉኝ፤ አትፍራ ማለት ነው። «ፋብሪካው እምቢ ያለውን ቤቴ እሺ ይለዋል። ቆልተን እንበላዋለን።»

«እርስዎ አይፈሩም?»

«እንዴት አልፈራም? ከማለዳ ጀምሮ ስፈራ ነው የዋልኩት። ግን መጀመሪያ ገብሴን እሸፍናለሁ። ከዚያ እፈራለሁ።»

መመለስ

ከመውጣቴ በፊት ባትሪዋን ቀየርኩ፤ ሰርቨሯ ሰዓቷን ራሷ ከኔትወርክ እንድትወስድም ከፈትኩላት። ጋሽ ታደለ አልተቀየሙኝም። ካላንደሩን ግን ነቅለው ወደ ሌላኛው ግድግዳ፣ ከሰርቨሯ ራቅ አድርገው ሰቀሉት። በአሰላ በኩል ስወርድ ጭላሎ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ምንም ያላደረገ መስሎ። ሾፌሩ ሲቀድም ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ አልተለወጠም፤ እኔም አልተለወጥኩም።

አዳማ ቤቴ ስገባ ሰላማዊት ጃኬቴን ተቀብላ ኪሱን ስታራግፍ የረጠበ ገብስ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከየት ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። ያን ቀን ሙሉ ደመናውን ጠረጠርኩ፣ አዲስ አበባን ጠረጠርኩ፣ ሰዉን ጠረጠርኩ። ከእጅ ሰዓቴ ጋር የተስማማውን አንዱን ነገር ግን አልጠረጠርኩም። ሰላማዊት አልሳቀችብኝም። ጎንበስ ብላ ፍሬዎቹን ለቀመች።

ሰነባብቶ፣ እራት ላይ እያለን፣ ስልኬ ጠራ። ከሌላ ከተማ፣ ሌላ ሰርቨር፣ ያው ቃል፦ እምቢ አለ። በስልክ ላለው ሰው ይሠራል አላልኩትም፤ አላውቅም፣ አብረን እንየው አልኩት። መጀመሪያ የሰርቨሩን ቀንና ሰዓት አስነበብኩት። ከዚያ ፈራሁ።