«እማዬ ትሙት» ያልኩበት ዓመት

ዛሬም አዲስ ሕንፃ በሚሠራበት መንገድ ሳልፍ የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ ድንገት ከመጣብኝ፣ እግሬ ሳላዘው ይፈጥናል። ያ ሽታ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገባንበትን ክረምት ይዞብኝ ይመጣል። እኔ አሥር ዓመቴ፣ ወንድሜ ናትናኤል አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ግድግዳው ገና ስላልደረቀ እማዬ በየጠዋቱ በጨርቅ ትጠርገው ነበር። መብራቱ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፣ ውኃ ከታች በጀሪካን ተሸክመን እናወጣለን፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤቶች ሰው ስላልገባባቸው፣ ደረጃው ላይ የራሴ ኮቴ ተመልሶ ሲሰማኝ ሌላ ሰው የሚከተለኝ እየመሰለኝ እሮጥ ነበር።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ከወጥ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ሳያልቅ የቆመውን ሕንፃ ነበር። በርና መስኮት የለውም፣ የየፎቁ ጠርዝ መከለያ የለውም፤ ነፋስ ሲነሣ የተንጠለጠለበት ላስቲክ እየተርገበገበ ሰው የሚጣራ የሚመስል ድምፅ ያወጣ ነበር። አባዬ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው ክፍለ ከተማ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ፎርማን ስለነበረ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ምን እንደሚያደርስ ያውቃል። በገባን በሳምንቱ ሁለታችንንም ፊቱ አስቀምጦ፣ «እዚያ ወጥቶ ያየሁት ልጅ ልጄ አይደለም» አለን። አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበርና፣ በዝግታ ያላት ያቺ ቃል ለብዙ ቀን ሆዴ ውስጥ ቀረች።

መስከረም ሲገባ ትምህርት ተጀመረ። እማዬ ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምር ነበር፤ እኛም እዚያው ስለምንማር ሦስታችን ማልደን ተነሥተን፣ ጭቃውን ተሻግረን፣ ለታክሲ ተጋፍተን አብረን እንሄድ ነበር። በዚያ ዓመት ናቲ አሥረኛ ክፍል ገብቶ የእማዬ ተማሪ ሆነ። ቤት ውስጥ «እማዬ» ያላትን ሴት ክፍል ውስጥ «ቲቸር» ብሎ ሲጠራት እኔን ያስቀኝ ነበር፤ እሱ ግን አይስቅም። ጓደኞቹ ፈተናውን ቀድሞ የሚያይ እየመሰላቸው ይሸሹት እንደነበረ፣ እማዬም ለልጇ ታደላለች እንዳትባል ለሌላው የምትሰጠውን «ጎበዝ» ለእሱ ትነፍገው እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ጥቅምት አልፎ ብርዱ ሲጠና እማዬ ለክፍሉ አንድ ልቦለድ ማስተማር ጀመረች። ራሷ ተማሪ ሳለች ያነበበችው፣ ገጾቹ በፕላስተር የተያያዙ የቆየ መጽሐፍ ነበር፤ በየዓመቱ ለአሥረኛ ክፍል ታስተምረው ነበር። በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ የሚመስለው አንድ ልጅ፣ ልጅነቱ አልቆ ትልቅነቱ ሳይመጣ መሐል ላይ ቆሞ ሲጨነቅና በመጨረሻ ማንንም ሳይሰናበት ከቤቱ ሲወጣ የሚተርክ ነው። ማታ ራት ከተበላ በኋላ እማዬ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች፣ ተማሪዎቿ ስለዚያ ልጅ የተከራከሩትን ለአባዬ ታወራለት ነበር። «በዚህ ዕድሜ የሆዳቸውን አይነግሩህም» ትለው ነበር። «በልጁ አሳብበው ግን ሁሉንም ያወሩታል።» አባዬ ከድካሙ ጋር እየታገለ ራሱን ይነቀንቅላታል። ናቲ በዚያው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ይበላ ነበር፤ ያቀረቀረበትን ምክንያት ማናችንም አልጠየቅንም።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ዕቃ እያጠብኩ ቀና ስል ያን የምፈራውን ሕንፃ አየሁና ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ። ናቲ የላይኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ እግሩን ወደ ታች ሰዶ ተቀምጦ ያነብ ነበር። ልጣራ አፌን ከፈትኩና፣ ደንግጦ ይወድቃል ብዬ በእጄ ከደንኩት። ሲመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅሁት።

«እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«አነባለሁ። እዚያ ማንም አይጠራኝም።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝ። «ቤቲ፣ ለአባዬ ትናገሪያለሽ?»

«አልናገርም።»

«እማዬ ትሙት በይ።»

አንገራገርኩ። እሱ ግን እጄን ይዞ ጠበቀኝ። «እማዬ ትሙት፣ አልናገርም» አልኩት።

በእኛ በልጆቹ ዘንድ ይህን ብሎ ያፈረሰ ልጅ እናቱ እንደምትሞት የታወቀ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ፍርሃት ይዤ ነበር የምውለው፤ ብናገር እማዬ ትሞታለች፣ ዝም ብል ናቲ ይወድቃል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሮጥ ነበር። ትምህርት ቤት ጆሮዬ አስተማሪዋን አይሰማም፤ ቤት ስገባ ምግብ አልበላ ይለኝ ነበር። እማዬ ወስፋት ይሆናል ብላ መድኃኒት ሰጠችኝ።

መጋቢት ላይ፣ የበልግ ደመና መሰብሰብ በጀመረበት ሰሞን፣ እማዬ ለክፍሉ አንድ የቤት ሥራ ሰጠች። የልቦለዱ ልጅ ከቤት ሲወጣ ለእናቱ ደብዳቤ ትቶላት ቢሆን ኖሮ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? በነፃነት እንዲጽፉ ስም እንዳያሰፍሩ ነገረቻቸው። ያን ሳምንት ብዙ የሚታረም ነገር ስለነበረባት ወረቀቶቹን አስቀድማ ሳታያቸው ወደ ክፍል ገባችና፣ ከመሐል አንዱን መዝዛ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ፊደሉ እንደታተመ ጽሑፍ ለየብቻ እየተሣለ የተጻፈ ነበር። «እማዬ፣ አንቺ ለሰው ልጅ ሁሉ ጆሮ አለሽ» ይላል። «እኔ ሳወራ ግን ቀይ እስክሪብቶሽን አታስቀምጪም። ስለጠፋ ልጅ በየማታው ታወሪያለሽ፤ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊትሽ ያለሁትን አታዪኝም። የምነግረው ሰው ባጣ ለእህቴ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ ገና አሥር ዓመቷ ነው።»

እማዬ እዚያ ላይ ንባቡን አቋረጠች። ተማሪዎቹ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ናቲን አዩ፤ ከኋላ አንዱ ሳቀ። ናቲ ቦርሳውንና መጽሐፉን አንሥቶ ወጣ። እማዬ ተረጋግቶ ይመለሳል ብላ አልተከተለችውም። የበሩም ዘበኛ የቲቸር ልጅ ስለሆነ ተልኮ የሚሄድ መስሎት አሳለፈው። ይህ የሆነው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው።

እኔ ያወቅሁት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍል ስወጣ ነው። እማዬ በር ላይ ቆማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ነበር። «ናቲን አየሽው?» አለችኝ፤ መልሴን ሳትጠብቅ እንደገና ደወለች። ስልኩ ተዘግቷል። ታክሲ ውስጥ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር። ቤት ስንደርስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ጓደኞቹ ዘንድ ደወለች፣ የለም፤ ዘመድ ዘንድ ደወለች፣ አልመጣም። አባዬ ከሥራ ቦታው በሲሚንቶ ልብሱ መጣ። ክፍል ውስጥ የሆነውን ኮሪደር ላይ ስትነግረው ሰማሁ፤ ደብዳቤውንም ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። አባዬ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ አነበበና «እህቱ ምንድነው የምታውቀው?» አለ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ከኋላዬ የዚያ ሕንፃ ላስቲክ ይርገበገባል። እማዬን ትክ ብዬ አየኋት፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። የማያት የመጨረሻ ጊዜ መሰለኝ። «እማዬ አትሙቺ» ብዬ ጮህኩና፣ በእጄ ወደ መስኮቱ አመለከትኩ።

አባዬ ደረጃውን በስንት እርምጃ እንደወረደው አላውቅም። እማዬ ቁሚ ብትለኝም ተከተልኩት። የዚያ ሕንፃ ደረጃ መደገፊያ የለውም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ፣ ወደ ታች ላለማየት ዓይኔን አባዬ ጫማ ላይ ተክዬ ወጣሁ። የላይኛው ፎቅ ላይ ማንም የለም። ጠርዙ አጠገብ የናቲ ቦርሳ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የመጽሐፉ አንዱ ሽፋን በድንጋይ ተጭኖ፣ የቀረውን ገጽ ነፋስ ይገልጠዋል።

አባዬ ዕድሜ ልኩን ፎቅ ላይ ሲራመድ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ጠርዙ ሄደ። አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች እስኪያይ ድረስ የነበረችው ጊዜ፣ በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ የረዘመችው ናት። «አሸዋ ብቻ ነው» አለ በመጨረሻ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። በደረቱ እንደተኛ ቀረ።

እንደዚያ ሆኖ ሳለ ነው ኪሱ ውስጥ ስልኩ የጮኸው። የሚሠራበት ሕንፃ ጥበቃ ነበር። «ፎርማን፣ ልጅዎ እዚህ መጥቷል» አለው። «ቁርጥ እርስዎን ነው የሚመስለው። አባቴ የት ሄደ እያለ ያለቅሳል።»

ናቲ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደዚያ ፎቅ መጥቶ፣ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ፣ ነፋሱ ሲበረታበት ድንገት ራሱን ፈርቶ፣ ያለውን ሁሉ ጥሎ ወርዶ ነበር። አባዬን ማየት ስለፈለገ በእግሩ እስከ ሥራ ቦታው ሄደ፤ እሱ ሲደርስ አባዬ እሱን ፍለጋ ወጥቷል። አባዬ ይዞት ሲገባ ገና አልመሸም። ይመታዋል ብዬ አልጋ ሥር ገብቼ ነበር፤ የሰማሁት ግን «ልጄ፣ ልጄ» የሚል ብቻ ነው። እማዬ አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ውኃ አሙቃ እግሩን ስታጥብ፣ ናቲ «ተይ እማዬ፣ ተይ» ሲላት፣ «ዝም በል» ስትለው ሰማኋት።

የእኔ ፍርሃት ግን አላለቀም። ናቲ ተገኝቷል፣ ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ስለዚህ እማዬ መሞቷ አይቀርም። ሁዳዴው አልቆ ፋሲካ እስኪደርስ ድረስ እሷ ባሳለች ቁጥር እደነግጥ ነበር፤ መንገድ ስትሻገር ቀሚሷን አልለቅም። በበዓሉ ማግስት ሽንኩርት እየላጠች ዓይኗ ሲያነባ አይቼ፣ ጊዜው ደረሰ ብዬ ሁሉንም አፍረጥርጬ ነገርኳት። እማዬ ቢላዋውን አስቀምጣ አቀፈችኝ። «እኔ የምሞተው ባትናገሪ ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ሁለት እንጀራ በላሁ።

ወሬው ትምህርት ቤቱን አዳርሶ ነበርና፣ ወላጆች ተሰብስበው መጽሐፉ ልጆቻችንን ከቤት ያስኮበልላል አሉ። እማዬ ተነሥታ፣ «የወጣው የእኔ ልጅ ነው። ያስወጣው መጽሐፉ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለቻቸው። አልሰሟትም፤ ልቦለዱ ቀረ። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲመለስ፣ የቀሩትን ምዕራፎች ናቲ ቤት ውስጥ አነበበልን። አባዬ እንቅልፉን ታግሎ ያዳምጥና፣ «አባትየው ግን ለምን አልፈለገውም?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ናቲም ቆም ብሎ የመሰለውን ያስረዳዋል። እማዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማ ነበር።

ናቲ አሁን ሰሚት አካባቢ ይኖራል፤ አግብቷል፣ ብዙ ያወራል፣ አንዳንዴም ያሰለቸናል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ አስተማሪ ሆኛለሁ። ያኔ ዝም የሚል ልጅ ጨዋ ይባል ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ናቲን ለልጆቻቸው አርአያ ያደርጉት እንደነበረ ትዝ ይለኛል። ተማሪዎቼ ዛሬ ስልክ አላቸው፣ የሚሰማቸውን ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይጽፋሉ፤ ፊት ለፊታቸው ለቆመው ሰው ግን እንደ ናቲ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከመጨረሻው ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አራት ቀን ሙሉ ቃል ሳትተነፍስ ዋለች። የክፍሉ ኃላፊ «እሷ እንኳን አታስቸግርም» አለችኝ። ከበሩ ውጭ ጠበቅኋትና፣ «ዛሬ አብረን እንሂድ» አልኳት። ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ ከጎኔ መራመድ ጀመረች።