በወንድሟ ስም

ፊት ለፊት «እትዬ» እንላታለን፤ ዞር ስትል ግን ስሟ «ሜትር» ነው። መለኪያ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ! አንዴ ታማ ሐኪም ቤት ስትተኛ እንኳ እሱኑ አንጠልጥላ ነው የተኛችው። እኔ እሷ ቤት የአዝራር ቀዳዳ እጠልፋለሁ፤ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ምላሰኛ ነሽ ይሉኛል፤ ይበሉ። ስለ እሷ የምናገረው ያየሁትን ነው።

ስፌት ቤቱን የከፈተችው በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ በእግር በሚረገጥ አንድ የስፌት መኪና ነው። ያኔ እጮኛ ነበራት። ንግድ ፈቃድ ልታወጣ ስትነሳ እናቷ በር ላይ ያዘቻት። «ልጄ፣ በስምሽ ካወጣሽው ነገ የባልሽ ነው። በወንድምሽ ስም ይሁን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለቻት። ወንድምየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት አግብቶ ነበር። ፈርም የተባለበት ላይ ፈረመና ወደ መንገዱ ሄደ። እጮኛዋ ደግሞ ዓመት ሳይሞላ «እግሯ ከመኪና የማይነሳ ሴት ለትዳር አትሆንም» ብሎ እብስ አለ። ከዚያ ወዲህ አላገባችም። እኛ ጠርጥረንም ተመነጠርን፤ ግን ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በወንድሟ ውክልና ፈቃዱን ስታሳድስ ማንም «የማነው?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

መከራው የመጣው ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ገበያውን ሲሞላው ነው። አሥር ነበርን፣ ስድስት ቀረን። የመጨረሻዋ ስትሰናበት እትዬ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ ሆስፒታል የሠራተኞቹን ልብስ እንድንሰፋለት ጠየቀን። በሦስት ወር አስረክቡ ነው የሚለው። ባሉን አሮጌ መኪኖች ዓመትም አይበቃን፤ ሦስት ባለ ሞተር መኪና ያስፈልጋል። «ይኼ ካመለጠን በሩን እዘጋዋለሁ» አለችን። ቀልድ እንዳልሆነ ከድምጿ አወቅን።

ባንኩ በር ላይ ማስታወቂያ ያየሁት እኔው ነኝ፤ ምነው ዓይኔን በጋረደው! ለሴት ነጋዴዎች ያለ ቤት ዋስትና እናበድራለን ይላል። በማግስቱ እትዬ ለራሷ የሰፋቻትን አንዲት ቀሚስ ለብሳ አብረን ሄድን። የሴቶች መስኮት የሚሉት ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀብላ አስቀመጠችን። እትዬ ስለ ሥራዋ ስታወራ ልጅቷ መጻፏን ትታ ትሰማት ጀመር። ስንቱን ልጅ አስተምራ የራሱን ቤት እንዳስከፈተችው፣ ጨርቅ በእጇ ዳስሳ ስንት እጥበት እንደሚችል እንደምታውቅ፣ ሁሉን ነገረቻት። ሲያምርባት!

ከዚያ ልጅቷ ወረቀቶቹን ገለጠች። አንዴ አየች፣ መልሳ አየች።

«እትዬ፣ ይኼ የማን ስም ነው?»

«የወንድሜ ነው። ለስሙ ያህል ነው እንጂ ሥራው የኔ ነው።»

«ለስሙ ያህል ነው እኮ የቸገረን። ብድሩ ቢያንስ ሦስት ዓመት የንግድ ባለቤት ለሆነች ሴት ነው።»

«እሺ፣ ነገ ወደኔ ስም ይዛወር። ወንድሜ እምቢ አይለኝም።»

«ይዛወራል። ግን ሦስት ዓመቱ የሚቆጠረው ከነገ ጀምሮ ነው።»

ይኼኔ እኔ አላስቻለኝም። «ቤታችን ነይና አንድ ቀን ተቀመጪ! ማን እንደሚቆርጥ፣ ማን እንደሚሰፋ፣ ማን እንደሚቆጣን በዓይንሽ ታይዋለሽ። ወረቀቱ ነው እንዴ የሚሰፋው?»

ልጅቷ አልተቆጣችም። «እኔማ ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለአለቆቼም ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ በሰው ስም የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ጎረቤትና ደንበኛ ይመስክርላቸው ብዬ። መልስ የለም። እዚህ ወንበር ላይ አምስት ዓመቴ ነው፤ የምፈርመው ሌላ ሰው ከፈረመ በኋላ ነው።» ማስታወቂያው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን።

ልንነሳ ስንል ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀች። ወንድምየው ፈቃዱ ሲወጣ ባለትዳር ነበር? ነበር። እንግዲያው ንብረቱ የጋራ ነው፤ ሚስቱ የአሥራ ስምንት ዓመት ባለቤት ናት። እሷ ብታመለክት ነገውኑ ያልፋል። ልጅቷ ይህን ያለችው ልትረዳን ብላ ነው፤ አምላክ ይየው። እትዬ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ከዚያ «ትጠራ» አለች።

የወንድሟ ሚስት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ባማኋትና በቀለለኝ። መርፌ የምታውቀው ሐኪም ቤት ብቻ ነው። «እትዬ፣ እኔ ምን አውቄ?» እያለች እየፈራች መጣች። ወንድምየውም በስልክ «እህቴ ያለችውን ሁሉ አድርጊ» አላት። ደጎች ናቸው ሁሉም። የገደለንም ይኸው ደግነታቸው ነው።

ባንኩ የሠራተኞች ዝርዝርና የሥራ ውል ጠየቀ። ጽሕፈቴ ደህና ስለሆነ የሞላሁት እኔ ነኝ። ስድስታችንን ጽፌ ስጨርስ ልጅቷ «እትዬስ?» አለች። ባለቤት ካልሆነች፣ ውልም ከሌላት፣ በየትኛው ሕግ እዚያ ቤት ትሠራለች? አዲስ ውል ተጻፈ፤ የተቀጠረችበት ቀን የዚያኑ ዕለት ሆነ። ከታናሿ ተለማማጅ በታች ሰባተኛ አድርጌ ጻፍኳት።

ሚስትየዋ ብዕር ይዛ አንድ መስመር ላይ ቆመች። «የሙከራ ጊዜ የሚለው ምንድን ነው?»

«አዲስ ለተቀጠረ ሁሉ የሚሞላ ነው» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ። «ሁለት ወር ነው። ከዚያ አሠሪዋ ብቁ ናት ብላ ትፈርምላታለች።»

«እንዴ! እትዬን እኔ?»

«ፈርሚ እህቴ» አለች እትዬ። «መኪኖቹ ይምጡ።»

መኪኖቹ መጡ፤ የሆስፒታሉም ሥራ ተጀመረ። በዚያው ባንኩ ሚስትየዋን ለሴት ባለሀብቶች የመሪነት ሥልጠና ወሰዳት። በሁለት ሳምንቷ አዲስ ቦርሳ ይዛ፣ ቀና ብላ ተመለሰች። መጀመሪያ ወንበር አስመጣች። ቀጥሎ ጠረጴዛዎቹን አዟዟረች። ከዚያ በየጠዋቱ መምጣት ያዘች፤ ስንገባ ሰዓት ታያለች። «እትዬ» ማለቷን አልተወችም፣ ድምጿ ግን ተለወጠ። አንድ ቀን ኮሌታ አንስታ አገላበጠችና ሁላችን ፊት «ይኼ ይፈታ፣ ስፋቱ በዝቷል» አለች። ኮሌታው ግን ልኩን የጠበቀ ነበር። ሆስፒታሉ በሰጠን ናሙና ልክ ነበር። እትዬ «እሺ» ብላ ተቀብላ ፈታችው። ያን ዕለት ማናችንም ቀና ብለን አልተያየንም።

የሙከራው ሁለት ወር የሚሞላበት ዕለት ጠዋት እትዬን ከሁላችን ቀድማ ገብታ አገኘኋት። መኪኖቹን ወልውላለች፣ ወለሉን ጠርጋለች፣ ክሮቹን በቀለም በቀለም ደርድራለች። ወደ ባንኩ ስንሄድ የለበሰቻትን ቀሚስ ነው የለበሰችው። አጠገቤ መጣችና ሌሎቹ እንዳይሰሟት ጎንበስ አለች።

«ያን የኮሌታውን ነገር የረሳችው ይመስልሻል?» አለችኝ። «ታሳልፈኝ ይሆን?»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ቀና አልኩ። አልሳቀችም። መልሴን እየጠበቀች ነበር።