ዝናብ ያገደው መርዶ

ሰኞ ገና በቅጡ ሳይነጋ የግቢያችን በር ተንኳኳ። በስደት የምንኖርበት ሰፈር፣ ሳውዝ ሲ፣ በዚያ ሰዓት እንግዳ አይመጣም። ስከፍት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው ቆመዋል፤ ጃንጥላቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ዞር ስል ልጄ ለባብሳ ከኋላዬ ቆማለች። እሷ ለካ ከማታ ጀምሮ ታውቃለች። አስቀመጡኝና የእህቴን ሞት ነገሩኝ። ናዝሬት፣ እቤቷ፣ ከታመመች ሳምንት አልሞላትም ነበር።

«አልቅስ፣ ይውጣልህ» አሉኝ። እኔ ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ግድግዳችን ቀጭን ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉትም ሐበሾች ናቸው። ጩኸቴን ከሰሙ ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካምፓላ ይገባል።

ካምፓላ የዚህችው የእህቴ ልጅ አለች። ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታ ለብቻዋ ነው የምትኖረው። ከጥቂት ዓመት በፊት ወንድሟ ሲሞት አንድ ሰው የሰማች መስሎት ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» አላት። ገበያ መሀል ቆማ ቲማቲም ትመርጥ ነበር። ጭቃው ላይ ወደቀች፤ ያነሷት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። በኋላ እኔን እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አልስማ። ካለም አንተው ራስህ ና።» እሺ አልኳት። ያን ጊዜ እሺ ማለቱ ምንም አልከበደኝም።

ግንቦት እያለቀ ነበር። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው የሚብስበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከኔ ጋር ያረጀው ወዳጄ፣ «አብሬህ እሄዳለሁ» አለኝና በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲው፣ ከተማ ወርደን አውቶቡስ ቢሮ ገባን። ቲኬት ቆራጩ አየንና «ፖሌ፣ ምዜ» አለን፤ አዝናለሁ፣ አባት ማለቱ ነው። ወደ ካምፓላ በሚያሻግረው ድንበር መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ድልድዩን ከላይ አልፎታል፣ ከትናንት ወዲያ አንድም መኪና አላለፈም።

«መቼ ይከፈታል?» ስለው በጣቱ ወደ ሰማይ አሳየኝ።

«አለቃው እዚያ ነው ይልሃል» አለ ወዳጄ። ሌላም ቢሮ ሞከርን፤ መልሱ ያው ነው።

ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ሆና ለአውሮፕላን ስትደውል ዋለች። አውቶቡስ የቀረበት ሁሉ ወደዚያ ዞሮ ኖሮ፣ ሁለት ወንበር የተገኘው ለዓርብ ማታ ነው። አምስት ቀን! ሞባይል በየሰው ኪስ በገባበት ዘመን አምስት ቀን እንዴት ተደርጎ ይታፈናል? ካምፓላ ያሉት ይንገሯት ያለም ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ቃሌን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሰዉን ዝም የማሰኘቱን ሥራ ወዳጄ ወሰደው። ሳውዝ ሲን ጨርሶ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሲያዳርስ ውሎ ማታ ተናዶ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ዝም በሉ ለማለት እኮ መጀመሪያ መንገር አለብኝ! ያልሰማውን ሁሉ እኔው አሰማሁት።» ከሰኞ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ሳቁም ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ሊዞርብኝ ሲል ተነሥቼ ጓሮ ወጣሁ።

ልጄ ሻንጣዬን ትሞላለች፤ የወባ ክኒን፣ የላስቲክ ጫማ፣ ጃንጥላ፣ የክትባት ካርዴን ሳይቀር።

«ሽርሽር አስመሰልሽው እኮ» አልኳት።

«አባዬ፣ እዚያ ሄደህ አንተ ደግሞ እንዳትተኛብኝ ብዬ ነው።»

ረቡዕ ወዳጄ ሌላ ጭንቀት ይዞ መጣ። «ቅዳሜ ቤቷ ባትኖርስ? እህል ልትገዛ ገጠር ትወጣለች ትል አልነበረም?» እውነቱን ነው። ሳይደወል አይሆንም። ልጄ የምለውን በወረቀት ጻፈችልኝ፦ ለሕክምና እመጣለሁ፣ ቅዳሜ ቤት ጠብቂኝ። ማንበብ ላይ ቀርፋፋ ስለሆንኩ ሦስት ጊዜ አለማመደችኝ። ውሸት መሆኑ ከበደኝ፤ ግን ደወልኩ።

«ጋሼ! ምነው ጠፋህ? ትናንት ብደውል አታነሣም።»

«ትንሽ አሞኝ… ለሕክምና እመጣለሁ። ዓርብ ማታ ደርሰን ቅዳሜ ቤትሽ እንመጣለን።»

«እኔን! ምንህን ነው ያመመህ? ከማን ጋር ነው የምትመጣው?»

ይኼ ወረቀቱ ላይ የለም። «ከሽማግሌው ጋር» አልኩ።

ወዳጄ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ሽማግሌ ይዘህ ነው ሐኪም ቤት የምትሄደው?» አለች። መጀመሪያ እየሳቀች ነበር፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «እማዬ ደህና ናት?»

ደህና ናት ልል ብዬ ተውኩት። «እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው?» አልኩ። ሽማግሌ ሰውዬ፣ ሌላ የምለው አጥቼ!

ከወዲያ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኛል። እያወራሁ ስልኩ ተቋርጦ ቢሆን እያልኩ ተመኘሁ።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«አትንገረኝ። ምንም አትበለኝ። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኑ፤ ቤት ነኝ።» ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት።

ልጄ «አወቀች?» አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት። ሐሙስም ዓርብም እህል አልወርድ አለኝ። እዚያ ለብቻዋ ሆና ምን እያደረገች ይሆን እያልኩ ሻንጣውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዝናብ ደረስን። በሩ ገርበብ ብሏል። የምግብ ቤቱን ጠረጴዛዎች አውጥታ አግዳሚ ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድራለች፤ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋለች። አራት ሐበሻ ሴቶች ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል። ማን እንደሞተ ለእነሱም አልነገረቻቸውም፤ ሰው ያስፈልገኛል ብላ ብቻ ነው የጠራቻቸው። እሷ መሀል ቆማለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች።

እጄን ያዘችኝና «አሁን ንገረኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ከሰኞ ጀምሮ ጋቢዬ ውስጥ የያዝኩትም ያን ጊዜ ወጣ፤ ከሁለታችን ማን ቀድሞ እንደጮኸ አላውቅም።