የጋሼ ሸምሱ ሱቅ የተመረቀ ዕለት

ትናንት ረፋዱ ላይ... መርካቶ፣ ጋሼ ሸምሱ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሽክ ብዬ ቆሜያለሁ። ሱቁ ታድሶ የሚከፈትበት ቀን ነው። ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሥራዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። ተምሬበታለሁ፣ ዲፕሎማም አለኝ። ግን ማን ያውቅልኛል? የሙያ ፈቃድ ልጠይቅ አንድ ቢሮ የሄድኩ ጊዜ ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና «እንዲህ የሚባል ሙያ እኛ ጋ የለም። ጥቃቅን ገብተሽ ከቀለም ቀቢዎቹ ጋር ብትደራጂስ?» አለኝ። ቀለም ቀቢዎች ይከበሩ፣ እኔ ግን ቀለም መቀባት አልችልም! እናቴ ለጎረቤት «ቤት ታሳምራለች» ብላ ታልፈዋለች። ደንበኞቼ ደግሞ «የመጋረጃዋ ልጅ» ይሉኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ... አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ በሰው ፊት በሙያዬ እንዲጠራኝ ስናፍቅ ነው የኖርኩት። ትናንትን ደግሞ በጣም ተስፋ አድርጌበት ነበር።

ድሮ እዚህ ሱቅ ጣቃው ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ባንኮኒውም ላይ ስለሚከመር ጋሼ ሸምሱ የሚታዩት ከአንገታቸው በላይ ብቻ ነበር። እኔ አብዛኛውን ዕቃ መጋዘን አስገባሁት። ግድግዳውን ነጭ አስቀባሁ፣ መብራቱን አለሰለስኩ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጣቃ ብቻ አስቀመጥኩ። መሀሉ ሰፊ ባዶ ቦታ ሆነ። እፎይ የሚያሰኝ ሱቅ!

ቀድመው የመጡት ጎረቤት ነጋዴዎች ናቸው። ገቡ... ዙሪያውን አዩ... እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ከጋሼ ሸምሱ አጠገብ ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ።

«አብሽር ሸምሱ። አላህ ይተካል።»

«ምኑን?» አሉ ጋሼ ሸምሱ።

«ንብረት ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ግን እንዲህ እስክትሆን ለኛ አትነግረንም?»

ከበርበሬ በረንዳ የመጡት እትዬ ዘነበች ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ያ ሁሉ ጣቃ... ወይኔ፣ ያ ሁሉ ጣቃ!» ይላሉ።

መርካቶ ላይ ባዶ ቦታ ማለት ኪሳራ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ይህን ያስተማረኝ የለም።

ጋሼ ሸምሱ ፊታቸው ቀልቶ ብድግ አሉ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ኧረ አልከሰርኩም! ወላሂ አልከሰርኩም! ዕቃዬ መጋዘን ሞልቶ ተቀምጧል! እንዲህ ያደረገችኝ እሷ ናት... ዲዛይነሯ!»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ማፈር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ሮጬ መውጣትም ነበረብኝ። ግን ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ከንፈሬ ደግሞ አልታዘዝ ብሎኝ ፈገግ አለ።

እውነቴን ነው... ለክስም ቢሆን አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ ብዬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።