ከተማ ያልደረሳት ልጅ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የሐበሻ ሥጋ ቤት ውስጥ ቢላ ሲሞረድ በሰማሁ ቁጥር በሐሳቤ አራተኛ ክፍል እመለሳለሁ። መምህራችን ጋሼ ታደሰ የግሪክ ተረት ነገሩን። የንጉሥ ሊካዎን ልጆች እንግዳቸው አምላክ መሆኑን ሊፈትኑ ሕፃን አርደው፣ ወጥ ሠርተው አቀረቡለት። ብዙ የግሪክ ከተሞችን የቆረቆሩትም እነዚሁ መሳፍንት ናቸው አሉን።

"በሉ እንጫወተው!" ብለው መሳፍንት አድርገው ለእያንዳንዳችን ከተማ አደሉን። ለእኔ ማንቲኒያ ደረሰኝ።

"የሚታረደውስ ሕፃን ማን ይሁን?" አሉ ጋሼ።

እናት አባት የሌላትን ዝናሽን ጠቆምኩ።

"ጋሼ፣ የእኔስ ከተማ?" አለች።

"ወጥ ደግሞ ምን ከተማ አለው!" አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ "ወጢቱ" እያልን ስናሳድዳት ትምህርቷን ተወች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ከሎንግ ቢች ከተማ የመጣች ሴት እጄን ያዘች። "አንቺ፣ ዝናሽ ነኝ እኮ! አላወቅሽኝም?"

ነጠላዬን አስተካክዬ፣ "ይቅርታ እህቴ፣ አላውቅሽም" አልኳት።